ራሱ ይድረቅ

ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አዟዟረው። ከጠርዙ አጠገብ የቀረች አንዲት የውሃ ጠብታ አየና ለስላሳውን ነጭ ጨርቅ በጣቱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ውስጥ ሰደደው። ደጋግሞ አሸው። ፕላስቲኩ ከጨርቁ ስር ሲጢጥ ሲጢጥ አለ። መልሶ ሲያነሳው የግቢው በርም፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ትንሽ ሹራብም በቱቦው ውስጥ አልፈው ቁልጭ ብለው ታዩት።

«አለቀ?» አለች ድንቢጥ። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ታወዛውዛለች።

«ትንሽ ጠብቂ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ የምተነፍስበት ነው እንጂ የማይበት አይደለም።»

«ንጹህ ነገር ለዓይንም ለሳንባም ነው» አላትና አንዴ ደግሞ አበሰው።

ድንቢጥ ያሏት በትንሽነቷና በቀጭን ድምጿ ነው። ትምህርት ቤት ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። አባቷን ሰፈሩ «ባለመስታወቱ» ይለዋል፤ መስታወት ይቆርጣል፣ ያስተካክላል፣ ፍሬም ውስጥ ያስገባል። ሱቁ በመንገዱ በኩል፣ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው፣ በመካከል ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ከአባቱ የወረሰው አንድ ሕግ አለ፦ ከእጁ የሚወጣ መስታወት የጣት አሻራ አይታይበትም። ደንበኛ ዕቃውን ሊረከብ መጥቶ «የታል መስታወቱ?» ካላለ ሥራው እንዳላለቀ ይቆጥረዋል። ጨርቁ ከደረት ኪሱ አይለይም። ሚስቱ እንኳ ሲጋቡ በቀለበት ፋንታ እሱን ሊያወጣ ነበር እያለች ትቀልድበታለች።

ቱቦው ከሐኪም ቤት የተሰጣቸው ነው። በአንዱ ጫፉ የመድኃኒቱ መርጫ ይሰካል፤ በሌላው ጫፉ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭንብል አለው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ይረጫል፣ ልጅቱ ከዚያ ቀስ እያለች ትስበዋለች። መርጫዎቹ ሁለት ናቸው። ሰማያዊው ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ቡኒው ግን ጠዋትና ማታ ነው፤ ብታስልም ባታስልም፣ ስትስቅም ስትዘልም።

የቤቱ ክርክር ቡኒው ነው።

«ጤነኛ ልጅ በጠዋት ተነስታ መድኃኒት ስትስብ ያየሁት እዚህ ቤት ነው» አሉ እማማ፣ የባለመስታወቱ እናት፣ ከአልጋቸው ጫፍ ሆነው። «ሳታማት ማከም! ዝናብ ሳይዘንብ ጥላ ዘርግቶ መሄድ ምን ይሉታል?»

«ብልህነት ይሉታል፣ እማዬ።»

«እብደት ይሉታል። ሳንባዋ ለምዶት ያለሱ አልተነፍስ ቢል ማንን ልትጠይቅ ነው?»

ድንቢጥ ጭንብሉን ፊቷ ላይ አድርጋ በቱቦው ውስጥ «እማማ፣ ዝም በይ፣ እየተነፈስኩ ነው» አለች። ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። ስትጨርስ አባቷ ውሃ ሰጣት፣ ተጉመጥምጣ ተፋችው። ይህም የታዘዘ ነው።

ሐኪሟ ያን ቀን እንዲህ ነበር ያለቻቸው፦ «አስም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የልጅ ሳንባ ገና እያደገ ነው። ቡኒውን ሳናቋርጥ ከጀመርን ደረቷ ውስጥ ያለው ቁጣ ይበርዳል። ሲብስባት ብቻ እየሮጣችሁ ብትመጡ ግን ሁልጊዜ ከእሳቱ ኋላ ነን።» ባለመስታወቱ ይህን ቃል በቃል ይዞታል። ጠዋት የሚሰጣት እሱ ነው፣ ማታ እናቷ ናት። ማጠቡና መወልወሉ ግን ሁልጊዜ የእሱ ነው። ማታም ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ቱቦውን ወልውሎ፣ ዕቃ እንደሚረከብ ደንበኛ የቆመችው ሚስቱ እጅ ላይ ያስቀምጥላታል።

ልጅቱ ግን አልተሻላትም።

ብርዱ ገብቶ ወጣ። ሳሏ አልወጣም። ሌሎች ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ እሷ ሁልጊዜ መጀመሪያ ትያዛለች፤ የትም ብትደበቅ ደረቷ ያጋልጣታል። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ስር ሆና ብስኩት ስትበላ ስታስል ተያዘች። እማማ እስኪያነቡ ሳቁ። «ሳል ይዞ ስርቆት!» አሏት፣ አቅፈው እያወጧት። ከዚያ ጀርባዋ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ ሳቃቸው ቆመ። ከመዳፋቸው ስር አንድ ነገር ያፏጫል።

ለቀጠሮ ሲሄዱ ሐኪሟ በማዳመጫዋ ደረቷን ረጅም ጊዜ ሰማች። ቀና ስትል ያየችው ሚስቱን ነበር።

«ቡኒው በየቀኑ ይሰጣታል?»

«በየቀኑ» አለች ሚስቱ።

«ማታ የምትሰጫት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እናቷ፣ ልቆጣሽ አይደለም። ብዙ ቤት እንዲህ ነው፤ ልጅ ደህና ስትመስል ይተዋል። እውነቱን ከነገርሽኝ ነው ልረዳችሁ የምችለው።»

«አልተውኩም፣ ዶክተር። አንድ ቀን አልተውኩም።»

ሐኪሟ እዚያው የራሷን ቱቦ አውጥታ አሰጣጣቸውን አየች። ምንም ስህተት አላገኘችበትም። መልሳ ሚስቱን አየቻት። ባለመስታወቱ «ትሰጣታለች» ብሎ አንድ ቃል ሊናገር ይችል ነበር። ግን ወለሉን አየ።

መንገድ ላይ ሚስቱ ልጅቱን በእጇ ይዛ ከፊት ከፊት ሄደች። ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ብቻ ዘወር አለች። «ዝም አልክ» አለችው።

ዝምታው በውስጡ ቀስ ብሎ የጥርጣሬ ቅርጽ ያዘ። እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሚስቱን ሲጨቀጭቋት ይሰማል፤ «ዛሬ እንኳን ደረቷን አሳርፊያት፣ እናት አይደለሽ?» ሲሉ ሰምቷል። ሚስቱ ምን እንደምትመልስ ግን አይሰማም። ሰው ሲጨቀጨቅ ይሰለቻል፣ ሲሰለች ይተዋል። እንዲህ እያለ በልቡ ለካው፣ ቆረጠው፣ ገጠመው። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሱቁ ውስጥ ማንም በሌለበት፣ መቁረጫውን ከእጁ ሳያስቀምጥ ጠየቃት።

«ማታ ማታ በእርግጥ ትሰጫታለሽ?»

ይዛው የመጣችውን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«እማዬ ስትጨቀጭቅሽ ስለምሰማ ነው።»

«እሳቸው በአፋቸው ነው የሚሉት። አንተ በልብህ ስትል ከረምክ።» በዙሪያዋ የቆሙትን መስታወቶች አየች፤ በሁሉም ውስጥ እሱ ቆሟል። «ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ትውላለህ። እስቲ ዛሬ ፊትህን ደህና አድርገህ እየው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማታውን መድኃኒት ሱቅ ውስጥ ትሰጣት ጀመር። ደንበኛ ቢኖርም ግድ የላትም። ልጅቱን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥና «ባለመስታወቱ! ና፣ ምስክር ሁን» ትለዋለች። ይመጣል። ያያል። አንዲትም ትንፋሽ አታመልጥም። መስታወት ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ኮፍያቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ፣ አንዱም «በርቺ፣ የእኔ ልጅ» ይላል። ሳል ይዞ ስርቆት የሚለው አባባል ሁለተኛ ግማሽ እንዳለው ባለመስታወቱ ያውቃል፤ ቂም ይዞ ጸሎት ነው። ቤታቸው በሁለቱ መካከል ሆነ።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ሚስቱ እንደማትዋሽ በዓይኑ አየ፤ ልጅቱ ግን እየባሰባት ሄደ። በሚስቱ ላይ የጣለው ጥርጣሬ፣ ክፉም ቢሆን፣ ቢያንስ ምክንያት ነበር። አሁን ምክንያትም አጣ። የታዘዘውን ሁሉ አድርገዋል። ከዚህ በላይ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም አደረገው፤ ቱቦውን አብልጦ ወለወለው።

ነፋስ የሚነፍስበት ደረቅ ከሰዓት ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የቁም ሳጥን መስታወት ሊወስድ መጥቶ፣ ባለመስታወቱ በር ላይ የቆመው መኪና ላይ ጭኖ እያሸገለት ነው። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ባለመስታወቱ አንዳንዴ ለፎቶ ፍሬም መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ ይቆርጣል፤ የዚያን ቁራጭ ይዛ ሹራቧ ላይ ታሸዋለች። ከፊቷ በመስታወቶች መካከል የሚገባውን ወረቀት ቦጫጭቃ በትናንሹ በትናዋለች።

«እማማ! ነይ፣ ድግምት ላሳይሽ!»

እማማ በመሃል በሩ ብቅ አሉ። ድንቢጥ ቁራጩን ወደ ወረቀቶቹ አስጠጋች። ወረቀቶቹ ዘለው ተነሱና ተለጠፉበት።

«ወዲያ በይው!» አሉ እማማ ወደ ኋላ ሸሽተው። «ነፍስ አለው እንዴ?»

«ወዶኝ ነው!» አለች ድንቢጥ። ቁራጩን ይዛ አባረረቻቸው። እማማ በቀሚሳቸው እየተከላከሉ ሮጡ፣ ሾፌሩ ሳቀ፣ ባለመስታወቱም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። «ለዚህ ነው እኔ ፕላስቲክ በደረቅ ጨርቅ የማልነካው» አለው ለሾፌሩ። «በእርጥብ ካልሆነ የሱቁን ብናኝ ሁሉ ይሰበስባል።»

ድንቢጥም ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ አልቆመም።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። ከዚያ ቁራጩ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ ጎንበስ አለች፤ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፉጨቱ ከሱቁ ሌላ ጫፍ ይሰማል።

«ሰማያዊውን!» አለች ሚስቱ ከውስጥ እየሮጠች መጥታ። ቱቦውን ወረወረችለት ማለት ይቻላል። ከሱቁ አቧራ ትንሽ አርፎበት ነበር። እጁ ሳያስብ ጨርቁን ከኪሱ አወጣ፣ ውስጡን ጠረገው፣ መርጫውን ሰካ፣ ጭንብሉን ፊቷ ላይ አደረገ። ረጨ። «ሳቢ፣ የኔ ድንቢጥ። ቀስ ብለሽ ሳቢ።» ሳበች። እንደገና ረጨ። እንደገና ሳበች። የጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ምን ትጠብቃለህ? አስገቧት!» አለ ሾፌሩ።

መኪናው ውስጥ ልጁን ጭኑ ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀመጣት። የቁም ሳጥኑ መስታወት ከጎናቸው ተደግፎ ነበር፣ ማሸጊያው እስከ ግማሽ ብቻ። ባለመስታወቱ ወደ ጎን ባየ ቁጥር ራሱን ያያል፤ ቱቦ የያዘ ሰው፣ ከንፈሯ የደበዘዘ ልጅ፣ ጀርባዋን የምታሻሽ ሴት። መስታወቱ ንጹህ ነበር። ምንም አይደብቅም። ሊረዳት የሚችል አንድ ነገር ፈለገ፤ ያለው መያዝ ብቻ ነበር። ያዛት። መተንፈስ የሚችል ሰው ለማይችል ሰው ትንፋሽ ማበደር የማይችልበት ምክንያት ሞኝ ሐሳብ ሆኖ እየተመላለሰበት እስከ ሐኪም ቤቱ በር ደረሱ።

ነርሷ ፈርጠም ያለች፣ እጀ ፈጣን ሴት ናት። ልጅቱን ከእቅፉ ተቀብላ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት። ኦክስጅን ሰጠቻት፣ ከዚያ ከመደርደሪያ ላይ የሐኪም ቤቱን ቱቦ አወረደች። የደበዘዘ ነበር። የደረቁ የውሃ ጠብታዎች ምልክት ግድግዳው ላይ ሞልቷል። ባለመስታወቱ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

«ሲስተር፣ ይሄ… ንጹህ ነው?»

«ንጹህ ነው። ትንሽ ገለል ይበሉልኝ።»

ረጨች። ጠበቀች። ረጨች። ጥቂት ቆይቶ የልጅቱ ትከሻ ከጆሮዋ ወረደ። ፉጨቱ ቀጠነ። ከንፈሯ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፣ ያለ ድምፅ።

ባለመስታወቱ የነርሷን መርጫ አየው። ሰማያዊ ነው። «የእናንተ መድኃኒት ሌላ ዓይነት ነው?»

«ያው ነው።»

«እኛም እኮ ይሄንኑ ሰጠናት። አሁን፣ እቤት።»

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። «ይዛችሁት መጥታችኋል? እስቲ እንዴት እንደምታደርጉ አሳዩኝ። ከመጀመሪያው። ሐኪም ቤት እንዳሳየናችሁ ሳይሆን፣ እቤት እንደምታደርጉት።»

ቱቦውን አወጣ። ሲሮጡ የጣት አሻራ በአሻራ ሆኗል። አፈረ። ከመጀመሪያው ስላለችው ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጨርቁን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ጣቱ ላይ ጠመጠመ፣ ወደ ውስጥ ሰደደ። አሸው። ወደ መብራቱ አንስቶ አየ። እንደገና አሸው።

«አባቷ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያጸዳሁት።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

የመለሰችው ሚስቱ ናት። ዕንባዋን እየጠረገች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ጠዋትና ማታ» አለች። «አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም። እኔ ምስክር ነኝ።»

ነርሷ አልተቆጣችም። ከጥጥ ጥቅል ላይ ብጣሽ ቆነጠረችና አባዝታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች። ቱቦውን ከእጁ ተቀብላ አስጠጋችው። ጥጡ ተነሳ። ዘሎ ቱቦው ላይ ተለጠፈ።

ድንቢጥ ጭንብሏን በጣቷ ከፍ አደረገች።

«ድግምት» አለች፣ በደከመ ድምፅ።

«መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው» አለች ነርሷ። «ሁሉም ባይሆን ብዙው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ለሳንባዋ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የእኛም ጥፋት አለበት፤ እጠቡት አልን እንጂ በጨርቅ አትሹት አላልንም። እንዲህ የሚያሽ ሰው አጋጥሞን አያውቅም።»

ባለመስታወቱ ጥጡን ያየዋል። ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው እሱ ነበር። ግን ቱቦውን አንድ ቀን እንኳ እንደ ፕላስቲክ አይቶት አያውቅም። በውስጡ አልፎ ይታያል፤ በውስጡ የሚያሳይ ነገር ለእሱ መስታወት ነው። መስታወት ደግሞ ይወለወላል።

ሐኪሟ መጥታ ነገሩን ሰማች። ቱቦውን አገላብጣ አየችና ወደ ሚስቱ ዞረች። «እናቷ… ባለፈው ያልኩሽ…»

«ሰጥቻት ነበር» አለች ሚስቱ።

«አዎ። ሰጥተሻታል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ባለመስታወቱም መናገር ፈለገ፤ ሐኪሟ በአንድ ትንፋሽ ያለችውን ቃል ግን እንደዚያን ቀኑ ሳይናገረው ቀረ። የጠየቀው ሌላ ነበር። «ያለፉት ወራት፣ ዶክተር… በጊዜ ካልተጀመረ ብለውን ነበር። ሳንባዋ ላይ…»

«ምን ያህል እንደጎዳት አሁን ልነግርዎ አልችልም። ቡኒው ሥራ እስኪጀምር ሳምንታት ይወስዳል። እንደ አዲስ እንጀምር፣ እናያለን።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ቱቦውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡት፣ አቁሙት፣ ራሱ ይድረቅ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም።»

በማግስቱ ቤት ገቡ። ድንቢጥ በእማማ አልጋ ላይ ተኛች፣ እማማ እግሯ ስር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ልጃቸው ሲያልፍ ቀና ብለው አዩት። «ድሮም አንተ ስትወድ ታበዛለህ» አሉት። ቁጣም ስድብም አልነበረበትም፤ እሱ ግን ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ወጥ ቤት ሚስቱ ዕቃ ታጥባለች። ቦታ ለቀቀችለት። ውሃ አሞቀ፣ ሳሙና ጠብ አደረገበት፣ ቱቦውን ከነጭንብሉ ነክሮ ቀስ ብሎ አንቀሳቀሰው። አወጣው። ውሃው በግድግዳው ላይ ወረደ፤ ከፊሉ ፈሰሰ፣ ከፊሉ ጠብታ ሆኖ ቀረ። ቱቦው የሱቁን በር ያደበዝዛል፣ መስኮቱን ያጣምማል። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ኪሱ ላይ ቆመ።

ሚስቱ ያየችው ከጎን ነው። «አምጣው» አለች።

ጨርቁን አውጥቶ ሰጣት። እሷ የምድጃውን ጠርዝ አበሰችበት፤ ጥቀርሻ ያዘ።

«ያን ቀን…» አለ። «ሐኪሟ ፊት…»

«አውቃለሁ ምን ልትል እንደሆነ። ገና ነኝ» አለችው። «አሁን አትጠይቀኝ።»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ሁለቱም ጆሯቸውን አቆሙ። አንድ ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ደህና ይሁን ክፉ ከዚህ ሆኖ መለየት አይቻልም። እማማ ሲያንጎራጉሩ ሰሙ፣ ያኔ ተነፈሱ።

ባለመስታወቱ ቱቦውን አፉን ወደ ታች አድርጎ ዕቃ ማድረቂያው ላይ፣ በብርጭቆዎቹ መካከል አቆመው። አንዲት ጠብታ ከላይ ተነስታ ጠማማ መንገድ ሠርታ ወረደች፣ መሃል ላይ ደርሳ ቆመች። አልነካትም። ማድረቂያውን እጁ እንደዋዛ ከማይደርስበት ከግድግዳው ጥግ ድረስ ገፋው፣ እጆቹንም በሱሪው ላይ አድርቆ ወደ ሱቁ ሄደ።